ጋሪው ወይስ ባዶው

ራውኖ ከመሞቱ በፊት ስድስት ቀን ድምፅ አጥቶ ሰነበተ። ድምፁን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ «በሽታው ነው እንጂ አንተ ምን አደረግክ» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ድብን ይላል። በሽታውማ እጁን፣ እግሩን፣ ምላሱን ወስዶ ጨርሶ ነበር። አንዲት ነገር ተርፋለት ነበር፤ እሷን የወሰድኩበት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ኢልፖ እባላለሁ። ከራውኖ ጋር እዚሁ ቫርካውስ ከተማ ባለው ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሱ ኤሌክትሪሺያን፣ እኔ መካኒክ። ጡረታ ስንወጣ የሥራ ጓደኞቻችን ዓሣ ማጥመድ ያዙ፤ እኛ ዓሣውንም ኮምፒውተሩንም ያዝን። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ክፍል ክበባችን ይሰበሰባል። ስምንት ሽማግሌዎችና ኬርቱ የምትባል ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነን። ሰው ያረጀ ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ተገዝቶ የገባውን ሲስተም አውጥተን ሊኑክስ እንጭንለታለን። ሊኑክስ ነፃ ነው፤ ውስጡም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ገብቶ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው፤ እኛም የትኛው ይሻላል እያልን ለሁለት ተከፍለን ስንጣላ እንኖራለን።

አንደኛውን «ጋሪ» እንለዋለን፤ የልጅ ጋሪ ማለታችን ነው። ፍላሹን ትሰካለህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ «እሺ» ትላለህ፣ ቡናህን ሳትጨርስ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ይጠብቅሃል። ሁለተኛው «ባዶው» ነው። ባዶውን ስትጭን የሚሰጥህ ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ሰረዝ ናት። ድምፅ ትፈልጋለህ? ራስህ አምጣ። ሥዕል እንዲያሳይህ ትፈልጋለህ? ራስህ ግጠም። ሲያልቅ ግን ያንተ ነው፤ ሳታውቃት የገባች አንዲት ብሎን የለችም። እኔ የባዶው ሰው ነኝ። ነበርኩ ልበል። ጋሪ የሚጭኑትን «ጡጦውን እንዳትረሱ» እያልኩ ሳሾፍባቸው አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ።

ራውኖ ከየትኛው ወገን ነበር? ይኼ ነው ጣጣው። እኛ የዚህ አገር፣ የሳቮ ሰዎች «አዎ» ወይም «አይ» ብለን ቁርጥ አድርገን አንመልስም። «ዛሬ ይዘንባል?» ብትለን «ደመናውማ አለ» እንልሃለን፤ የቀረውን አንተ ጨርሰው። ራውኖን «ጋሪ ነህ ባዶ?» ብለን ስናፋጥጠው «ሁለቱም ሲነኳቸው ይነሳሉ መሰለኝ» ይላል፣ ዳቦውን ያኝካል። እኔ ታዲያ የራሴ ሰው አድርጌ ቆጠርኩት። እኔ ባወራ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል፣ አይቃወመኝም፤ ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?

አንድ ልማድ ግን ነበረው። ፋብሪካው ውስጥ ኤሌክትሪሺያኖች የነኩትን ሽቦ ሁሉ ደብተር ላይ መጻፍ ግዴታቸው ነበር፤ ቀጥሎ የሚገባው ተረኛ እንዳይሞት። ራውኖ ጡረታ ከወጣም በኋላ ልማዱ አልለቀቀውም። ኮምፒውተሩን በነካ ቁጥር ቀኑንና ያደረገውን በአረንጓዴ ደብተር ይጽፋል። እኔ «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» እያልኩ ግንባሬን በጣቴ ስመታ «ቦታው ሰፊ ነው፣ ባዶ ስለሆነ» ይለኝ ነበር። እንስቃለን።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ግራ እጁ ማንኪያ መያዝ አቃተው። ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ነገሩት፤ ከነርቭ ተነስቶ ጡንቻን አንድ በአንድ እየገደለ የሚሄድ፣ መድኃኒት የሌለው። መጨረሻ ላይ የሚታዘዝ ዓይን ብቻ ነው፤ አእምሮ ግን ጤነኛ ሆኖ ሁሉንም እያየ ይቆያል። ለጠላት እንኳ አይስጠው።

ምላሱም እንደሚሄድ ስለነገሩት ራውኖ ድምፁን መቅዳት ጀመረ። ሳውናው፣ ማለት የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሳይሞቅ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጣል፤ ግድግዳው እንጨት ስለሆነ ድምፅ አይመልስም። አንድ ሺህ አራት መቶ ዓረፍተ ነገር አነበበ፤ ሁለት ወር ፈጀበት። ከዚያ በኋላ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ያንን ሁሉ ወስዶ የሰውየውን ድምፅ ይሠራል። ትንሽዬ ካሜራ ዓይኑን እየተከተለች ስክሪኑ ላይ ፊደል ትለቅምለታለች፣ የተለቀመውን ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ በራውኖ ድምፅ ይናገረዋል። ሆስፒታሉ ያለቀለት የመናገሪያ መሣሪያ ሊሰጠው ነበር፤ ድምፁ ግን የማያውቁት ሰው ድምፅ ነው። ራውኖ አንዴ ሰማውና «በዚህ ድምፅ ሲርፓን ደህና አደርሽ ብላት ፖሊስ ትጠራብኛለች» አለ።

ሲርፓ ሚስቱ ናት። የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆና ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ኮምፒውተር ላይ የምታውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ሌላ ማወቅም አትፈልግም።

ኅዳር ላይ ላፕቶፑን ላዘጋጅለት ቤታቸው ሄድኩ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ያን ጊዜ ራውኖ ገና ብዕር ይይዛል፣ በሁለት እጁ ቢሆንም፤ አፉ ግን መተሳሰር ጀምሯል፤ አንዲት ቃል ለማውጣት ግንባሩ ያልበዋል።

«ባዶውን ነው የምንጭነው አይደል?» አልኩት። መጠየቄ አልነበረም።

«ሲርፓ…» አለ። ጠበቅኩት። «ሲርፓ… ብቻዋን ስትሆን…»

«እኔ የት ሄጄ? ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አድሰዋለሁ።»

«እሱማ…» አለ ራውኖ። «ቅዳሜ… በሳምንት አንዴ ናት።»

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነው። አሁን ሳስበው ያ የሳቮ ሰው «አይሆንም» ነው፤ ከዚያ በላይ እንዴት አድርጎ ይበለኝ? ሲርፓ ድንች እየላጠች ጀርባዋን እንደሰጠችን «እኔ የሚቀለውን ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አላውቅም» አለች። እኔ ሆዬ አፌ መች ያርፋል! «የባልሽን ድምፅ በሕፃን ጋሪ ልትገፊው ነው?» አልኳት። ቢላዋዋ ቆመች፤ ከዚያ መላጧን ቀጠለች።

መጫኛ ፍላሽ ይዤ መምጣቱን ረስቼ ነበር። መሳቢያውን ስከፍት፣ ከሽቦና ከአሮጌ ባትሪ መካከል፣ በቀይ ክር የታሰረች ሰማያዊ ፍላሽ አገኘሁ። ሰካኋትና ውስጧን አየሁ። ጋሪው ነው!

«ጉድ ፈላ!» ብዬ ጮህኩ። «ማነው ይኼን እቤትህ ያስገባብህ? ኬርቱ ናት አይደል? እኔ ሳልኖር መጥታ ልትሰብክህ!»

ራውኖ ድምፅ አወጣ፤ ቃል አልሆነም። ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ወደ እኔ ተንፏቀቀች። ሲስቅም ያኔ እንደዚያ ነበር የሚሆነው፣ አልለየሁትም።

«ላጥፋት?»

«እንግዲህ…» አለ። «ፍላሽ ነው… ይጻፍበታል… ይጠፋበታል።»

አጠፋኋት። ባዶውን ከኢንተርኔት አውርጄ ላይዋ ላይ ጫንኩና ላፕቶፑ ላይ ሥራ ጀመርኩ። ቁራጭ በቁራጭ ገጠምኩት፤ ለካሜራዋ የሚሆነውን ፕሮግራም ራሴ ከሦስት ቦታ ለቃቅሜ ሰፋሁት፤ የድምፁን ፕሮግራም ራሴ አነፅኩት። እያፏጨሁ ነበር የምሠራው። ማታ ሊሆን ሲል ስፒከሩ ተንኮሻኮሸና የራውኖ ድምፅ፣ የጥንቱ፣ የፋብሪካው ጫጫታ ውስጥ ስሜን ሲጠራኝ የኖረው ድምፅ፣ «ኢልፖ፣ ፉጨትህን አቁም» አለኝ። ሲርፓ ድንቹን ትታ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። እኔ ከዚያ ቀን የበለጠ የኮራሁበት ቀን የለም።

የበረዶውን ወራት በሙሉ ሠራ። ምን አለፋችሁ፣ ሰውየው ከጤነኛ ሰው በላይ ያወራ ነበር። ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑን ዞር ዞር ያደርግና ይወጋሃል። አዲስ ጃኬት ለብሼ ብሄድ «ለራስህ ነው የገዛኸው ወይስ ለጀልባው መሸፈኛ?» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሲስተሙን አድስ ነበር። ባዶው ሲታደስ ሕግ አለው። መጀመሪያ የዜና ገጹን ታነባለህ፤ የሚሰበር ነገር ካለ እዚያ ተጽፏል። ቀጥሎ ሁሉንም በአንድ ላይ ታድሳለህ። አሮጌው ላይ አንዲት አዲስ ቁራጭ ብቻዋን አታስገባም፤ ካስገባህ አንዱ ከሌላው ጋር መግባባት ያቆማል። ይኼን ሕግ ስንቱ ጀማሪ ላይ ጮኼበታለሁ! አንዱን ምስኪን ክበባችን ውስጥ «ማንበብ ካልቻልክ ጋሪህን ግፋ» ብዬው ዳግመኛ አልመጣም።

የካቲት ላይ ሬታ ደወለች። ሬታ የእነ ራውኖ አንድያ ልጅ ናት፤ ባሕር ማዶ፣ ጎተንበርግ ነው የምትኖረው። አርግዛ ነበር፤ ግንቦት ላይ ልትወልድ፣ ሰኔ ላይ ለሚውለው የበጋ በዓላችን፣ ለዩሃኑስ፣ ደግሞ ሕፃኗን ይዛ ልትመጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራውኖ ሌላ ወሬ የለውም። ሬታ ልጅ ሳለች ሁልጊዜ የሚነግራት ተረት ነበረው፤ ሐይቁን ከነውኃው ሊውጥ ስለተነሳ ዓሣ ነው። በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንዴ ዓሣው የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ይውጣል፣ አንዴ ቄሱን። ያንን ተረት ሕፃኗን እቅፉ ላይ አስቀምጠውለት በራሱ ድምፅ ሊነግራት ነው።

«ካሁኑ ጽፈህ አስቀምጠው፤ ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ነክተህ ይነበባል» አልኩት።

ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተንከራተተና ስፒከሩ «ተረት ፊቷን እያዩ ነው» አለ። ቆየት ብሎ ጨመረ፤ «እስከዚያ ካለሁ።» ሐኪሞቹ መተንፈሻው እየደከመ ነው ብለውት ነበር። የሚጠብቀው ለዩሃኑስ መድረስን ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ደረሰ። እኔ ነኝ ያልደረስኩት።

በረዶው ከሐይቁ ላይ ሲቀልጥ ዓሣው ይጠራኛል። አንድ ቅዳሜ ቀረሁ፣ ሁለት ቀረሁ፣ አምስት ሆነ። «ሲስተሙ ይሠራ የለ?» እላለሁ ስልክ ላይ። «ይሠራል» ትላለች ሲርፓ። ለበዓሉ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያለችው የሐይቅ ዳር ጎጆዬ ሄድኩ። የዩሃኑስ ዋዜማ፣ ዓርብ ጠዋት ነው፤ ዓሣ ማጨሻዬን አቀጣጥዬ፣ ሁለት ቢራ ጠጥቼ ሦስተኛውን ስከፍት ስልኬ ጮኸ።

«ኢልፖ፣ ሬታ ዛሬ መርከብ ላይ ናት» አለች ሲርፓ፤ ድምፅዋ ላይ ደስታ ነበር። «ነገ እስክትደርስ መታገሥ አልቻለችም፤ ሕፃኗን በቪዲዮ ልታሳየው ትፈልጋለች። እዚህኛው ላይ የቪዲዮው ነገር የለም። ምን ላድርግ?»

አወቅኩት። እንደሚበላሽ ያኔውኑ አወቅኩት። አምስት ሳምንት ያልታደሰ ሲስተም ነው፤ ሁሉንም ማደስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መሃል ላይ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ዜናውን ማንበብ አለብኝ፣ እዚህ ኢንተርኔት የለም፣ ዓሣው እሳት ላይ ነው። አንዲት መስመር አለች፤ የቪዲዮውን ቁራጭ ብቻዋን የምታመጣ። ለማንም ጀማሪ «እጅህን ይቁረጠው!» የምልባትን መስመር ፊደል በፊደል አስጻፍኳት።

«ብዙ ነገር እየወረደ ነው» አለች።

«ጥሩ ነው። ሲጨርስ አጥፊና አብሪው።»

አጠፋች፣ አበራች። ከዚያ «ኢልፖ» አለች። «ዓይኑ ይጽፋል። ድምፁ ግን የለም።»

«ስፒከሩን እዪው።»

«ስፒከሩ ደህና ነው። ድምፁ ነው የሌለው።»

ሌላ መስመር ሰጠኋት። ካሜራዋ ጠፋች። ሌላ ሰጠኋት፣ በቁጣ፣ የሷ ጥፋት ይመስል «በትክክል ጻፊው እንጂ!» እያልኩ። ስክሪኑ ጠቆረና ብልጭ ድርግም የምትለዋ ሰረዝ ብቻ ቀረች። «ና» አለችኝ። መኪና መንዳት አልችልም፣ ጠጥቻለሁ። «ነገ ከሬታ በፊት እደርሳለሁ» አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ዓሣው ከሰል ሆኗል።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ራውኖ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ፀጉሩን አበጥረውለት፣ ነጭ ሸሚዝ አልብሰውታል። ላፕቶፑን ስከፍት የፈራሁት ደርሷል፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይግባባም። ኅዳር ላይ የሰፋሁትን ነገር ፈለግኩ። ከየት እንዳመጣሁት ጠፋኝ። ጽፌ አላስቀመጥኩም። ሁሉም ግንባሬ ውስጥ ነበር ብዬ የለ! ግንባሬን መታሁት፣ ምንም የለም።

እኩለ ቀን ላይ ሬታ ገባች። ሕፃኗ ቪየኖ ትባላለች፤ የአምስት ሳምንት ልጅ፣ ጡጫዋን ጨብጣ ተኝታለች። እቅፉ ላይ በትራስ ደግፈው አስቀመጡለት። ራውኖ ሕፃኗን ተመለከታት። ከዚያ ዓይኑ ወደ ላፕቶፑ ሄደ፣ ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ስክሪኑ ላይ አቀረቀርኩ።

«ኢልፖ» አለች ሲርፓ ቀስ ብላ። «ጋሪውን ጫንበት።»

«ጋሪው ይቺን ካሜራ አያውቃትም።»

«ሞክረኸው ታውቃለህ?»

«መሞከር አያስፈልገኝም። አውቃለሁ አልኩሽ።»

ሞክሬው አላውቅም። አንድም ቀን። ኬርቱ ሰምታ ኖሮ ደወለችልኝ፤ «ጋሪው ያለበት ፍላሽ በእጄ አለ፣ በብስክሌት አሥር ደቂቃ ነው» አለችኝ። «አትድከሚ፣ ልጨርስ ነው» አልኳት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሳቅኩበትን ነገር እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ራውኖ ፊት፣ እንዴት ልጫን? ይኼው ነው ምክንያቱ። ሌላ የለውም። ብፈልግም የተሻለ አላገኘሁለትም።

እሑድም «ልጨርስ ነው» አልኩ። ሰኞም። ሲርፓ የሆስፒታሉን የፕላስቲክ ሰሌዳ አወጣች፤ ፊደል የተጻፈበት ነው፤ እሷ በጣቷ እየጠቆመች ትሄዳለች፣ እሱ የፈለገው ላይ ስትደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዲት ቃል ደቂቃዎች ትፈጃለች፤ ደግሞም ያደክመዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔን እንደሚፈልግ በዓይኑ አሳየ። ሲርፓ ለቀመችለት። «ዓሣውስ?» ነው ያለኝ።

«ከሰል ሆነ» አልኩት።

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ነበር፣ ይኼኛውን እርግጠኛ ነኝ። ወጥቼ የማገዶ ቤቱ ጀርባ ሄጄ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ተመልሼ ጋሪውን ጫንኩ? አልጫንኩም። ተመልሼ ያንኑ ባዶ መነካካት ቀጠልኩ።

ሰኞ ማታ ራት ላይ ተረቱን በሰሌዳው ጀመረው። ሬታ ሕፃኗን ፊቱ አድርጋ ይዛለች፤ ሲርፓ ትጠቁማለች፤ እየጮኸች ታነባለች። «አንድ… ትልቅ… ዓሣ…» አለች። ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። ሬታ እሹሩሩ እያለች ስታባብላት፣ የራውኖ ዓይን ዝሎ ተከደነ፤ ቢጠብቁትም አልተከፈተም፣ እንቅልፍ ወስዶታል። በማግሥቱ ሬታ መርከብ እንዳያመልጣት በጠዋት ሄደች። በር ላይ እኔን አቀፈችኝ፣ «አመሰግናለሁ፣ ብዙ ደከምክ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ትኩሳት ያዘው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሳንባው አልችል ብሎ ሞተ። ድምፁን ካጣ ስድስተኛው ቀን ነው።

ድምፁ አልጠፋም፤ ይኼንን እንንገርህ ብላችሁ እንዳትደክሙ። አንድ ሺህ አራት መቶው ዓረፍተ ነገር ዲስኩ ላይ በሙሉ አለ። ዛሬም ብፈልግ የፈለግኩትን ጽፌ በራውኖ ድምፅ ማስነገር እችላለሁ። ለሲርፓ ይኼን ስነግራት «አንተ የጻፍከውን በሱ አፍ ልትነግረኝ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ዳግመኛ አላነሳሁትም። ተረቱን ደግሞ ሬታ ራሷ ለመንገር ሞከረች አሉ፤ ዓሣው በመጨረሻ ምን እንደሆነ አታስታውስም፤ አባቷ በየጊዜው ይቀያይረው ነበርና።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ሲርፓ እቤቴ መጣች። አልገባም አለች፤ በረንዳው ላይ እንደቆመች አረንጓዴውን ደብተር ሰጠችኝ።

«ክብሪት ያለበት ገጽ ላይ ነው» አለች። «ብቻዬን ማወቁ ከብዶኝ ነው እንጂ…» ብላ ሳትጨርሰው ብስክሌቷን ይዛ ሄደች።

ክብሪት እንጨቷ ያለችበትን ገጽ ገለጥኩ። የኅዳር ወር ነው። ጽሕፈቱ የራውኖ ነው፤ ተንጋዷል፣ መስመሩን ለቆ ይወርዳል።

«ኅዳር 9። ጋሪውን ሰማያዊው ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁ። ላፕቶፑ ላይ ሞከርኩት። ካሜራዋ በራሷ በራች። ድምፄም ይሠራል። ከመሰካት እስከ መናገር አሥራ ስምንት ደቂቃ። ሲርፓ ብቻዋን ትችለዋለች። ለኢልፖ ቀስ ብሎ መንገር፤ እንዳይከፋው።»

ከሥሩ ሌላ ቀን አለ። እዚያ ላይ ፊደሉ ይበልጥ ትልልቅ ነው፣ የሕፃን እጅ የጻፈው ይመስላል።

«ኅዳር 12። ኢልፖ መጣ። ፍላሹን አጠፋው። ደስ ብሎታል፣ ሲያፏጭ ዋለ። ሌላ ፍላሽ ማዘጋጀት።»

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት ተሰርዘዋል። አጠገባቸው «ይሁን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ባዶ ነው፤ ጣቶቹ ብዕር መያዝ ያቆሙት በዚያው ሳምንት ነበር።

በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ምን ዜማ እንደነበር የማፏጨው ለማስታወስ ሞከርኩ። እስከ ዛሬ እሞክራለሁ። አልመጣልኝም።